ለፈረስ መጋለቢያ ሜዳ ምን ይነጠፍ? ከወንዝ አሸዋ እስከ ጎማ ፍርፋሪ ያለውን ስንመዝነው

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባለው ደጋ 20 በ40 ሜትር የሆነ የግልቢያ ሜዳ ለሚያሠራ ሰው ምርጫችን የታጠበና የተነፋ መካከለኛ የወንዝ አሸዋ ነው፤ ውፍረቱ 5 ሳንቲሜትር፣ ሥሩ በደንብ የተጠቀጠቀ ጠጠር። ከውጭ የሚገባው ክር የሚቀላቀልበት አሸዋ ከዚህ ይበልጣል፤ ብልጫው የሚታየው ግን መሠረቱ ከተስተካከለና ውሃ በየቀኑ ከተገኘ ነው። ሰጋቱራ ለብቻው አይሆንም። ቀይ አሽ፣ ማለትም ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ ከታች ጥሩ ነው፣ ከላይ አይነጠፍም። የጎማ ፍርፋሪ ሽቦው ተለቅሞ ካላለቀ በነጻ ቢሰጥም አይወሰድ። ምክንያቱን በየተራ እናስረዳለን።

ፈረስ በግልቢያ ሲሄድ የሰውነቱ ክብደት አንዳንድ ጊዜ በአንድ እግር ላይ ብቻ ያርፋል፤ ያ እግር የሚሸከመው ኃይል ከፈረሱ ክብደት ከእጥፍ በላይ ሊደርስ ይችላል። ሰኮናው መሬት ሲነካ ጥቂት ተንሸራቶ መቆም አለበት። መሬቱ ጨርሶ ከያዘው ግፊቱ ወደ መገጣጠሚያው ይሄዳል፤ ጨርሶ ከለቀቀው ፈረሱ ይወድቃል። ፈረሱ ገፍቶ ሲነሳ ደግሞ መሬቱ መልሶ ሊገፋው ይገባል። ጥልቅና ደረቅ አሸዋ ይህን አያደርግም፤ ፈረሱ በእያንዳንዱ እርምጃ እግሩን ከአሸዋ እየመዘዘ ይሄዳል፣ የሚጎዳውም ጅማቱ ነው። የጠነከረ መሬት በበኩሉ ሰኮናውንና አጥንቱን ይመታል።

ጃንሜዳ ላይ ለሚካሄድ ጉግስ፣ ወይም ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ለሚሰለፉት የአገው ፈረሰኞች፣ ሣር ይበቃል። ፈረሱ ሰፊ ቦታ ላይ በቀጥታ ይሮጣል፣ ሣሩም እስከሚቀጥለው ጊዜ ያገግማል። በ20 ሜትር ክብ ውስጥ በቀን አምስት ስድስት ፈረስ የሚዞርበት ማሠልጠኛ ግን ሌላ ነው። ሰርዶ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን በአጥሩ ዳር ያለው መስመር በጥቂት ሳምንት ራቁቱን ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነው።

መጀመሪያ ከታች

የሚበላሹ ሜዳዎች አብዛኞቹ የሚበላሹት ከሥራቸው ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ብዙው ቦታ ጥቁር መረሬ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። አሸዋ በቀጥታ መረሬ ላይ ከተደፋ የመጀመሪያው ክረምት ሳያልቅ ፈረሶቹ ወደ ጭቃው ይረግጡታል። መስከረም ላይ የሚገኘው አሸዋም ጭቃም ያልሆነ ድብልቅ ነው፤ ያንን አሸዋ ለይቶ ማውጣት አይቻልም፣ የወጣበት ገንዘብ እዚያው ይቀራል።

ሁለት መፍትሔ አለ። አንዱ መረሬውን 50 ሳንቲሜትር ያህል ቆርጦ አውጥቶ በገረጋንቲ፣ ማለትም ለመሙያ በሚሆን ጠጠራማ አፈር፣ መተካት ነው። ለ800 ካሬ ሜትር ይህ 400 ሜትር ኩብ ቁፋሮ ይሆናል። አፈር ሲቆፈር በሲሶ ገደማ ስለሚያብጥ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ከ30 ቢያጆ በላይ ይወጣል፤ የተቆፈረውን መድፊያም ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል። ሁለተኛውና ብዙውን ጊዜ የሚያዋጣው ከመሬቱ ከፍ አድርጎ መሥራት ነው። ሣርና ሥር ያለበት የላይኛው አፈር ብቻ ይነሳል፣ ጂኦቴክስታይል የሚባለው አፈርና ጠጠርን የሚለይ ጨርቅ ይዘረጋል፣ ገረጋንቲ ተደልድሎ ሜዳው ከአካባቢው 30 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ ዙሪያውን ቦይ ይቆፈርለታል። ጂኦቴክስታይሉ ለመንገድ ሥራ የሚገባው ዓይነት ሆኖ በካሬ ሜትር ከ200 ግራም ባያንስ ይሻላል። ቦታው በመረሬውና በገረጋንቲው መካከል ነው። አሸዋው ሥር የሚዘረጉት ሠሪዎች አሉ፤ አይፍቀዱላቸው። አሸዋውን የሚያስተካክለው መጎተቻ ጥርስ አንድ ቀን ይነክሰዋል፣ ከዚያ ጨርቁ ብቅ ይልና የፈረስ እግር ይጠልፋል።

በገረጋንቲው ላይ 15 ሳንቲሜትር የተፈጨ ጠጠር ይመጣል። ከትልቁ ጀምሮ እስከ ዱቄቱ የተቀላቀለ ይሁን። 02 የሚባለው፣ መጠኑ አንድ ዓይነት የሆነ ጠጠር ለብቻው ቢነጠፍ እርስ በርሱ አይያያዝም፤ ሰኮና ሥር ይንከባለላል፣ ከወራት በኋላ አንድ በአንድ ወደ አሸዋው ይወጣል። አሸዋ ውስጥ የገባ ጠጠር የፈረሱን የሰኮና ሥር ይቀጠቅጣል፤ በእጅ ከመልቀም በቀር መላ የለውም። መሠረቱ በየአቅጣጫው ከአጥሩ 1 ሜትር ወጣ ማለት ስላለበት ስሌቱ 22 በ42፣ ማለትም 924 ካሬ ሜትር ነው። ይህ ተጠቅጥቆ 139 ሜትር ኩብ ይሞላል፤ ሳይጠቀጠቅ ሲገዛ 180 ያህል፣ ወደ 12 ሲኖትራክ ነው። ሁሉን በአንዴ ደፍቶ ሮለር ማስኬድ ላዩን ብቻ ያጠነክራል። በ7 ወይም በ8 ሳንቲሜትር በሁለት ዙር፣ ውሃ እየተረጨ፣ ከ8 እስከ 10 ቶን በሚመዝን ሮለር ይጠቅጠቅ። ማሳረጊያው 2 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው 00፣ ማለትም ደቃቁ የተፈጨ ድንጋይ፣ ነው። ሥራው አለቀ የሚባለው ፈረስ ሄዶበት የሰኮና ምልክት ሳይተው ሲቀር ነው።

ተዳፋቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይሁን። በ20 ሜትሩ ወርድ 1.5 በመቶ ማለት ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የ30 ሳንቲሜትር ዝቅታ ነው። ከበለጠ ዝናቡ አሸዋውን ጠርጎ ይወስዳል፣ ካነሰ ውሃ ይተኛል። ይህ ተዳፋት መሠረቱ ላይ ይሠራ፤ በአሸዋ ውፍረት ልክ ለማስተካከል መሞከር አንዱን ጎን ጥልቅ፣ ሌላውን ስስ ያደርገዋል፣ ፈረሱም በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ዓይነት መሬት ይረግጣል። በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊሜትር ዝናብ ቢጥል 800 ካሬ ሜትር ላይ 24,000 ሊትር ውሃ ነው፤ የሚሄድበት አስቀድሞ ይታወቅ። ከጣሪያና ከላይኛው ተዳፋት የሚመጣው ሜዳው ሳይደርስ በቦይ ይጠለፍ።

የወንዝ አሸዋ

ግንበኛ የሚወደውና ለፈረስ የሚስማማው አሸዋ አንድ አይደሉም። ለኮንክሪት ሻካራው ይፈለጋል። ለሜዳ ግን አብዛኛው ቅንጣት ከሩብ ሚሊሜትር እስከ 1 ሚሊሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከ3 ሚሊሜትር በላይ የሆነው በወንፊት ተነፍቶ ይውጣ። ቅርጹም ከመጠኑ እኩል ዋጋ አለው። በውሃ ረጅም መንገድ ተጉዞ የከበበ ቅንጣት ሰኮና ሥር እንደ ኩሽኔታ ይሽከረከራል፤ ፈረሱ በማዞሪያ ላይ የኋላ እግሩ ይሸሸዋል። ከካባ የሚመጣ የተፈጨ አሸዋ ደግሞ ጫፉ ስለት ስለሆነ እርስ በርሱ ይነካከስና በጥቂት ወር እንደ ወለል ይጠነክራል፤ ለመሠረቱ ማሳረጊያ እንጂ ለላይ አንመርጠውም። የሚፈለገው መሀለኛው ነው፤ ማዕዘኑ የተሸራረፈ፣ ግን ያልከበበ። መዳፍ ላይ ጥቂት ዘርግቶ በስልክ ካሜራ አጉልቶ ማየት ይበቃል።

መኪናው ሳይራገፍ አንድ ባዶ ሃይላንድ ይዘው ይሂዱ። ከጭነቱ መሀል እንጂ ከላዩ ያልተወሰደ አሸዋ እስከ ግማሽ ይሙሉበት፣ ውሃ ይጨምሩ፣ አንድ ደቂቃ በኃይል ይናጡት፣ ከዚያ ሳይነካ ሦስት ሰዓት ያህል ይቆይ። አሸዋው ከታች ይዘቅጣል፣ ደለሉ ከላዩ እንደ ቅባት ይጋገራል። 10 ሳንቲሜትር አሸዋ ላይ ከ5 ሚሊሜትር የበለጠ ደለል ከታየ ይታጠብ ወይም ይመለስ። ለኮንክሪት እንኳ ከ6 በመቶ በላይ ደለል ያለው አሸዋ ይታጠብ ወይም ይጣል ነው የሚባለው። ደለሉ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ቅባት ይሆናል። ጨርሶ ደለል የሌለው አሸዋም ውሃ አይዝምና ከ2 እስከ 5 በመቶ ያለው ይመረጣል።

ያው ሃይላንድ ሌላም ነገር ያሳያል። ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣ አንዳንድ አሸዋ ፑሚስ የሚባል ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይይዛል። ፑሚስ ቀላል ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ ውሃው ላይ ግራጫ ቅንጣት ከሰፈፈ ያ ነው። በእግር ሥር ይደቃል፣ ዓመት ሳይሞላም የገዙት አሸዋ ሌላ አሸዋ ይሆናል። ደረቁ አሸዋ ላይ ሎሚ ሲጨመቅ አረፋ ከወጣ ኖራ ድንጋይ አለበት ማለት ነው፤ እሱም ቶሎ ይደቅቃል።

ከሁሉ የሚጠነክረው ሲሊካ ነው። የሙገር ሸለቆ ለመስታወት የሚሆን የሲሊካ አሸዋ ድንጋይ አለው፤ ተፈጭቶና ተነፍቶ ሲቀርብ ቅንጣቱ ደቃቅና ተመሳሳይ ይሆናል። ክር ለሚቀላቀልበት ሜዳ ተመራጭ ነው። ለብቻው ግን በበጋ ይበንናል፤ የሲሊካ ብናኝ ለፈረሱም ለአሠልጣኙም ሳንባ አደገኛ ስለሆነ ውሃ ማጠጣት የማይችል ሰው አይግዛው።

አሁን ወደ ብዛቱ። ብዙ ገንዘብ የሚባክነውና ብዙ ፈረስ የሚያነክሰው እዚህ ነው። ሻጭም ሠሪም 15 ሳንቲሜትር ይሁን ይላሉ፤ ለስላሳ ይመስላልና ገዢም ይስማማል። 15 ሳንቲሜትር 120 ሜትር ኩብ ነው፣ 5 ሳንቲሜትር ግን 40 ብቻ። ሦስት ሲኖትራክ ይግዙ፤ ሁለት ተኩሉን ይንጠፉ፣ የቀረውን ሸራ አልብሰው ለመሙያ ያቆዩ። ጥቂት ሳምንት ተጋልቦበት ሰኮናው መሠረቱን ሲነካ ድምፁ ከተሰማ 1 ሳንቲሜትር ይጨመር፣ እንደገና ይታይ። መጨመር ቀላል ነው፤ ትርፉን ዝቆ ማውጣት ግን ከመንጠፉ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ውፍረቱን ለማወቅ ምልክት የተደረገበት ረጅም ሚስማር በአሥር ቦታ መትከል በቂ ነው።

ሌሎቹ

ቀይ አሽ ርካሽ ነው፣ ከቢሾፍቱ አካባቢ የእሳተ ገሞራ ኮረብታዎች በብዛት ይወጣል፣ ውሃም ያሳልፋል። በዚህ ምክንያት ከገረጋንቲ ጋር ለመሠረት ቢገባ እንወደዋለን። ላይ ሲነጠፍ ግን ቀዳዳ ቀዳዳው ሁሉ ስለት ነው፤ ጫማ ያልተመታለትን ፈረስ ሰኮና እንደ ሞረድ ይበላል፣ የወደቀ ልጅም ጉልበቱን ይልጣል። እየተረገጠ ሲደቅ የሚወጣው ቀይ አቧራ አጥሩን፣ ኮርቻውን፣ የፈረሱን አፍንጫ ሁሉ ያለብሳል።

ሰጋቱራ ከእንጨት ቤቶች በርካሽ፣ አንዳንዴም በነጻ ይገኛል። ለብቻው ሲነጠፍ ደረቁ ይበንናል፣ እርጥቡ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ አንድ ሁለት ክረምት ሲያልፍበት ይበሰብሳል። ከአሸዋ ጋር በመጠኑ ሲቀላቀል ግን ጠቃሚ ነው፣ እርጥበት ይይዛል። ለ40 ሜትር ኩብ አሸዋ ከ4 ሜትር ኩብ አይበልጥ። ከመጋዝ ከሚወጣው ዱቄት ይልቅ ከመላጊያ የሚወጣው ጥቅልል ልጣጭ ይቆያል። የኤምዲኤፍና የቺፕውድ ትርፍ ሙጫ ስላለበት፣ ለምስጥ መከላከያ ኬሚካል የተቀባ እንጨትም እንዲሁ፣ አይቀላቀል። ሚስማር የመኖሩ ነገር የማይቀር ነውና ከመንጠፉ በፊት ማግኔት ይዙርበት።

የጎማ ፍርፋሪ አሸዋን ሳይጠነክር ያቆያል፣ ይነጥራል፤ በውጭ አገር ብዙ የሚሠራበት ነው። ልኩ በካሬ ሜትር ከ5 እስከ 10 ኪሎ ነው፤ ለ800 ካሬ ሜትር ከ4 እስከ 8 ቶን ማለት ነው። ችግሩ ጥራቱ ነው። በጎማ ውስጥ የብረት ሽቦ አለ፤ ሽቦው በማሽንና በማግኔት ካልወጣ በሰኮና ሥር ይገባል። ከበረባሶ ሠሪዎች የሚተርፈው ቁራጭ ርካሽ ነው፣ ግን በእጅ የተቆረጠ ስለሆነ ሽቦና ናይለን አለበት፣ መጠኑም አይመሳሰልም። ከባድ ዝናብ ሲመጣ ጎማው ተንሳፍፎ ወደ ዝቅተኛው ጎን ይሰበሰባል፤ በፀሐይም ይግላል፣ ይሸታል።

ክር የተቀላቀለበት አሸዋ ዓለም አቀፍ ውድድሮች የሚካሄዱበት ነው፤ በጥራት ተወዳዳሪ የለውም። የተቆራረጠ የፖሊስተር ጨርቅና ክር እንደ ሣር ሥር አሸዋውን አስሮ ይይዘዋል፣ ዝላይ ላይ ፈረሱ ሲነሳ ከሥሩ አይሸሽም። በካሬ ሜትር 2 ኪሎ ቢታሰብ 1,600 ኪሎ ክር ነው፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ። በዚያ ላይ ከ10 ሳንቲሜትር ያላነሰ ደቃቅ ሲሊካ ይፈልጋል፤ 80 ሜትር ኩብ ነው። ውሃ ካጣ ክሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ አሸዋው ወደ ታች ይወርዳል፣ ያ ሁሉ ወጪ ተለያይቶ ይቀራል። ዝላይ የማያሠለጥን ሰው ይህን ያህል ማውጣት አይጠበቅበትም።

ክሩን ከአገር ውስጥ ለመተካት ከልብስ ፋብሪካዎች የሚወጣ ብጥስጣሽ መጠቀም ይቻላል፤ ሁለት ነገር ይታይ። ጥጥ ይበሰብሳልና ፖሊስተር ብቻ ይሁን፤ ከ5 ሳንቲሜትር የረዘመም አይሁን፣ እግር ላይ ይጠመጠማል። ማዳበሪያ ከረጢት ቆራርጦ መጨመር ግን አይጠቅምም፤ ለስላሳ ስለሆነ አሸዋ አይይዝም፣ ፀሐይ እየበላው ወደ ጥቃቅን ፕላስቲክ ይበታተናል። በሰም የተለበጠ አሸዋ ውሃ አይፈልግም፣ ዋጋው ግን ለዚህ መጠን ሜዳ የሚታሰብ አይደለም።

ውሃና አቧራ

በበጋ በካሬ ሜትር 3 ሊትር፣ ማለትም በቀን 2,400 ሊትር ያስፈልጋል። 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሁለት ቀን፣ 10,000 ሊትር የሚጭን ቦቴ አራት ቀን ያህል ያዳርሳል። ማታ ማጠጣት ከቀን ይሻላል፤ ውሃው ሌሊቱን ወደ ታች ይሰርጋል እንጂ አይተንንም። ልኩን ለማወቅ አሸዋውን በመዳፍ ጨብጦ መልቀቅ ነው። ተጨብጦ ከቆመና በጣት ሲነካ ከፈረሰ ልክ ነው፤ ጭብጡ ሳይቆም ከፈሰሰ ደርቋል፣ በጣቶች መሀል ውሃ ከወጣ በዝቷል።

ማግኒዥየም ክሎራይድ የሚባለው ጨው ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ውሃ ይቆጥባል፤ ሰኮናን ግን ያደርቃል፣ ብረትም ያዝጋል። የምግብ ጨው ይህን አይተካም፤ የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ በታች ሲሆን ውሃ አይስብም፣ የአዲስ አበባ የጥር ከሰዓት ደግሞ ከዚያ እጅግ የደረቀ ነው።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት አቧራ ይገላል የሚል ምክር ከየትም ቢመጣ አይቀበሉ። በ1971 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ለአቧራ መከላከያ ተብሎ የፈረስ ሜዳ ላይ የተረጨ ቆሻሻ ዘይት ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ነበረበት፤ ወፎች ወዲያው ሞቱ፣ ከዚያ ከ60 በላይ ፈረሶች አለቁ፣ ሕፃናትም ታመሙ። ከጋራዥ የሚመጣ ዘይት ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ በዓይን አይለይም፤ ፈረሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አፍንጫውን ወደዚያ አፈር ዝቅ አድርጎ ነው የሚተነፍሰው።

ከተነጠፈ በኋላ

ፋንድያ በየቀኑ ይለቀም፤ ከአሸዋው ጋር ከተረገጠ ደቅቆ አቧራ ይሆናል። ሜዳው ላይ ድርቆሽ አይሰጥ፤ ፈረሱ ከድርቆሹ ጋር አሸዋ ይውጣል፣ አሸዋው አንጀቱ ውስጥ ተከማችቶ ቁርጠት ያስነሳበታል። ከአምስት ስድስት ሰዓት ግልቢያ በኋላ ጥርስ ያለው መጎተቻ ይጎተት፣ ጥርሱ ግን 3 ሳንቲሜትር ብቻ ይግባ፤ መሠረቱን ከጫረ ያ ሁሉ የተጠቀጠቀ ጠጠር መፈታት ይጀምራል። አሸዋው ወደ አጥሩ ዳር ስለሚሸሽ በየሳምንቱ በአካፋ ወደ መሀል ይመለስ። ከአጥሩ ሥር ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው ጣውላ ቢደረግ በዓመት የሚበተነው አሸዋ በጣም ይቀንሳል። ፈረስ በረጅም ገመድ የሚዞርበት ቦታና የዝላይ ማረፊያ በየጊዜው ይቀያየር፤ አንድ ቦታ ላይ ከቆየ ጎድጓዳ ይሆናል፣ ክረምት ሲመጣ ኩሬ።

የሰኮናው አሻራ ሁሉን ይናገራል። ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ገብቶ ጠርዙ ጥርት ብሎ ከቆመ መሬቱ ደህና ነው። ጠርዙ ከፈረሰ ውሃ ያንሰዋል። አሻራው ከተረከዙ በኩል ረዝሞ ከታየ እግሩ እየተንሸራተተ ነው፤ ደለሉን ይመልከቱ። አሻራው ጨርሶ ካልታየ ጠንክሯል፣ መጎተት ይፈልጋል።

ግዢው መቼ ይሁን ለሚለው፦ አሸዋ በክረምት ወንዞች ሲሞሉና መንገዱ ሲበላሽ ይወደዳል፣ ታጥቦ የሚመጣውም ይቀንሳል። መሠረቱን ከጥቅምት እስከ ጥር ሠርተው፣ ገንዘቡም ትዕግሥቱም ካለ አሸዋ ሳይነጥፉበት አንድ ክረምት ያሳልፉት። የሰመጠው ቦታ፣ ውሃ የተኛበት ጥግ ሁሉ ነሐሴ ላይ በግልጽ ይታያል። መስከረም ሲጠባ ያንን በ00 ሞልተው እንደገና ይጠቅጥቁ፤ አሸዋውን ወንዙ ጎድሎ ዋጋው በሚወርድበት በኅዳር ያስመጡ።